«ሲርባት ትበላለች» ማለት ይቅር



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ፍሳሽ ቦይ፣ ስለ ውኃ ተራና ስለ እድር መዋጮ በየጊዜው ስንጽፍ ቆይተናል። የዛሬው ጉዳያችን የድመት ምግብ ነው። «ሰው የሚበላው አጥቶ ስለ ድመት ይጻፋል እንዴ?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እንዲህ የሚል ወገን ካለ እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን እንለምነዋለን፤ ነገሩን ስንመረምረው ከድመቷ አልፎ እህላችንን፣ ኪሳችንንና የነፍሰ ጡር እናቶችን ጤና የሚነካ ሆኖ አግኝተነዋልና።

አቃቂ ቃሊቲ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የወፍጮ ቤት አገር መሆኑ የታወቀ ነው። እህል የጫነ መኪና በሚያድርበት፣ ወንዝም በአጠገቡ በሚወርድበት ሠፈር አይጥ ጠፍቶ አያውቅም። መርዝ የሚበትን አለ። መርዙን ግን አይጥ ብቻ አይደለም የሚያገኘው፤ የጎረቤት ዶሮም፣ የሚድኽ ሕፃንም ያገኘዋል። የተመረዘችውን አይጥ የበላች ድመትም ልትመረዝ ትችላለች። ስለዚህ በእኛ ሠፈር ድመት ጌጥ ሳትሆን ሠራተኛ ናት። ሠራተኛ ደግሞ ቀለቡ ሊታሰብለት ይገባል።

ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣን በራሳችን እጅ የደረሰው ነገር ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን የምናስቀምጥበት የማኅበሩ ዕቃ ቤት አይጥ ገብቶበት የአንዱን ድንኳን ጥግ በልቶ ጣለው። በዚያው ሰሞን አንድ ተከራይ ቤተሰብ ሠፈሩን ሲለቅ ድመቱን ለእኛ ሰጥቶን ሄደ። ስሟን ውሮ አልናት። አራት ዓመት ሙሉ ከውጭ አገር የሚመጣውን ደረቅ የድመት ምግብ፣ ያንን እንደ ቆሎ ፍሬ ፍሬ የሆነውን፣ ስትበላ ያደገች ናት። ከእሷ ጋር የተሰጠን ግማሽ ከረጢት ሲያልቅ ዋጋውን ጠየቅን። የማኅበሩ ካዝና የሚችለው ሆኖ አልተገኘም። ተሰብስበን መከርንና ከነገ ጀምሮ ከሥጋ ቤት ሳንባ እያመጣን እንድንሰጣት ተስማማን።

ሳንባው ቀረበላት። አሸተተችውና ዞር አለች። በማግስቱም እንዲሁ። «ተዉአት፣ ቅምጥልነት ነው፤ ሲርባት ትበላለች!» ያልን ከመካከላችን ብዙዎች ነበርን። በአራተኛው ቀን ከወንበሮቹ ሥር ተኝታ አልነሣም አለች። ድዷና የጆሮዋ የውስጥ ቆዳ ወደ ቢጫነት አደላ። አንዲት እናታችን ዕቃ ሊወስዱ መጥተው አይተዋት «ልጆቼ፣ ይቺ ጠግባ አይደለም እምቢ ያለችው፤ ታማለች እኮ» ባይሉን ኖሮ በዚያው ትቀር ነበር። የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ፈሳሽ በመርፌ እየተሰጣት፣ ምግብም በስሪንጅ በአፏ እየተንጠባጠበላት ሦስት ሳምንት ያህል ታክማ ዳነች። የሕክምናው ወጪ ልንቆጥበው ካሰብነው የምግብ ዋጋ በለጠ። ጥፋቱ የእኛ ነው። የምንጽፈውም ሌላው ቤት እንዳይደግመው ነው።

በዚህ ብቻችንን እንዳልሆንን እናውቃለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በተለይ በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ወገኖቻችን ድመታቸውን ደረቅ ምግብ አስለምደዋል። ለማስቀመጥ ይመቻል፣ አይሸትም፣ አይበላሽም። ዳሩ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው እንደተሰቀለ የማያውቅ የለም። የድመት ምግብም ከዚያው ነው። በዚህ ላይ «ለድመት ጥሬ ሥጋ ይሻላታል» የሚለው ወሬ ከፈረንጅ አገር ደርሶናል። እናም ብዙ ሰው ከረጢቱ ባለቀበት ዕለት፣ ያለ ምንም መሸጋገሪያ፣ ከፍሬ ወደ ሥጋ ሊያዞራት ይሞክራል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሐኪሙ ያስረዱን እንደሚከተለው ነው። ውሻ ጥቂት ቀን ባይበላ ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ እያወጣ ሊቋቋመው ይችላል። ድመት ግን በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ትናንሽ እንስሳት እያደነች ሥጋ እንድትበላ ሆና የተፈጠረች ናት። ምግብ ሲቋረጥባት ሰውነቷ ስቡን በብዛት ወደ ጉበቷ ይልካል፤ ጉበቷም ያን ሁሉ ማስተናገድ አቅቶት በስብ ይሞላል። በተለይ ወፈር ያለች ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ሳትቀምስ ከቆየች ለዚህ አደጋ ትጋለጣለች። ጉበቷ አንዴ ከተጎዳ ደግሞ ያቅለሸልሻታል፣ የምግብ ፍላጎቷ ጭራሽ ይዘጋል። ርሃቡ ራሱ መብላት ይከለክላታል ማለት ነው። እንግዲህ «ሲርባት ትበላለች» የሚለው አባባል ለሌላ እንስሳ ይሠራ እንደሆነ እንጃ፤ ለድመት ግን የሞት ፍርድ ሊሆን ይችላል።

እምቢታዋም ቢሆን ጥጋብ አይደለም። ድመት የምግብን ዓይነት የምትማረው በግልገልነቷ ነው። ያኔ የቀመሰችውን ምግብ ትለዋለች፤ ያልቀመሰችውን በጥርጣሬ ታያለች። ፋብሪካው ደግሞ ፍሬውን የሚቀባው ስብና ማጣፈጫ አለው፤ ስትነክሰውም ቀጭ ቀጭ ይላል። እሱን ለለመደች ድመት ርጥብና ልስልስ ያለ ቀዝቃዛ ሳንባ ምግብ አይመስላትም። ድመት ጣፋጭ ነገር ፈጽሞ እንደማትቀምስ ሳይንቲስቶች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2005 ከዘር ቅንጣቷ ውስጥ ምክንያቱን አግኝተዋል። ስለዚህ በስኳርና በማር አትታለልም። የሚያሸንፋት ሽታና ሙቀት ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሁዳዴን 55 ቀን ጾመን ስንፈታ ምን እናደርጋለን? ብዙዎቻችን ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ተልባ እንጠጣለን። ሆድ ከጥሎሽ ከበግ ሥጋና ከቅቤ ጋር በድንገት እንዳይጋጭ እናቶቻችን ያስተማሩን ብልሃት ነው። ለራሳችን ሆድ መንገድ የምንጠርግ ሰዎች፣ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ የበላችውን ፍጡር በአንድ ሌሊት ተለወጪ ማለታችን ምን ይሉታል?

እንደ እውነቱ ከሆነ ርጥብ ምግብ መቀላቀሉን እኛም እንደግፋለን። የድመት ዘር ከደረቅ አገር የዱር ድመት የመጣ በመሆኑ ውኃ የመጠጣት ልማዷ ደካማ ነው፤ ውኃዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከምትበላው ሥጋ ነበር። የአይጥ ሰውነት ከ100 እጅ ወደ 70 የሚጠጋው ውኃ ነው። ደረቁ ምግብ ግን ከ100 እጅ 10 ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ውኃ ነው ያለው። ደረቅ ብቻ የምትበላ ድመት ሽንቷ ይወፍራል። በተለይ በወንዱ የሽንት ቧንቧ ቢደፈን በአንድ በሁለት ቀን የሚገድል ነገር ነው። ወንድ ድመት እየተመላለሰ ቁጢጥ ብሎ ሽንት ካልወረደለት «ድርቀት ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ በዚያው ዕለት ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

ታዲያ እንዴት እንለውጥ? ውሮን ስናስለምድ የተከተልነውን ቅደም ተከተል እነሆ እናቀርባለን።

1ኛ/ ደረቁ ምግብ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አይቀመጥ። ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላና ማታ ይቅረብላት፤ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይነሣ። የሚቀርበው ገና የለመደችው ፍሬ ነው። ዓላማው በሰዓቱ እንድትራብ ማድረግ እንጂ ማስራብ አይደለም። ይህ ብቻውን አንድ ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

2ኛ/ ቀጥሎ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ አዲስ ምግብ በሌላ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ከጎኗ ይቀመጥ። ገና ከመጀመሪያው አትቀላቅሉት፤ ሽታውን ከጠላችው የለመደችውንም አብራ ትተወዋለች። ባትነካውም ታሽትተው፣ ትልመደው።

3ኛ/ ምግቡ ለብ ያለ ይሁን። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ነገር አትወድም። የታደነች አይጥ ሙቀት ይኑረው ብላችሁ አስቡት። ከፍሬው ጥቂት ፈጭታችሁ ከላዩ ብትነሰንሱበት የምታውቀውን ሽታ ታገኛለች።

4ኛ/ መላስ ስትጀምር ከአራት አንድ እጅ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ ቀጥሎ ሦስት አራተኛ እያላችሁ አስፉት። እሺ ለምትል ድመት ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃል። ለእምቢተኛዋ ግን ወር፣ ሁለት ወርም ቢፈጅ አይግረማችሁ። ውሮ ስድስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ሆዷ ከላላ ወይም ካስታወከች አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱ።

5ኛ/ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አንድ ቀን ሙሉ፣ ማለትም 24 ሰዓት፣ ምንም ሳትበላ ከዋለች ክርክሩን አቁማችሁ የለመደችውን ስጧት። እሱንም እምቢ ካለች ሁለተኛው ቀን ሳያልፍ ለሐኪም አሳዩ። ግልገል ከሆነች ይህን ያህልም አይጠበቅም። በየሳምንቱ በዘንቢል አድርጋችሁ በሚዛን ላይ አስቀምጧት። ክብደት የሚነግራችሁን ዓይን አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ጥሬ ሥጋው እንመለስ። «ድመት በተፈጥሮዋ ጥሬ ነው የምትበላው» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የምታድናት አይጥ ትኩስም ሙሉም ናት፤ አጥንቷ፣ ልቧ፣ ጉበቷ አብሮ ይበላል። ከሥጋ ቤት የሚመጣው ቁራጭ እንዲህ አይደለም። ሥጋ ብቻ የምትበላ ግልገል ካልሲየም አጥታ አጥንቷ ይለሰልሳል፣ ይሰበራል። ጉበት ብቻ የምትበላውም በቫይታሚን ኤ ብዛት የአንገቷና የጀርባዋ አጥንት እየተጣበቀ አንገቷን ማዞር ያቅታታል። ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገርም አለ፤ ድመት እንደ እኛ በበቂ መጠን በሰውነቷ አትሠራውም። ሲጎድላት ዓይኗ እንደሚጠፋ በ1975፣ ልቧ እንደሚደክም ደግሞ በ1987 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ተረጋግጧል። በሣጥኑ ላይ «የተሟላ» ተብሎ የተጻፈበት ደረቅ ምግብ እነዚህ ሁሉ ተጨምረውበታል። እኛ በድስታችን የምንሠራው ግን የተሟላ ነው ማለት አንችልም።

ጥሬ ሥጋ ምን ይዞ እንደሚመጣ ደግሞ ለቁርጥና ለክትፎ ወዳጅ አይነገርም። ኮሶን የማያውቅ ማን አለ? ለድመት የሚያሠጋው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ነው። ከጥሬ ሥጋ ወይም ከአይጥ ይጋባባትና ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ድረስ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሯ ጋር ታወጣዋለች። እንቁላሉ ሰውን ለመያዝ ውጭ ከአንድ እስከ አምስት ቀን መቆየት አለበት። ነፍሰ ጡር ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ጽንሱ ሊወርድ፣ የሕፃኑም ዓይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። መፍትሔው ግን ድመቷን መንገድ ላይ መጣል አይደለም። የምትጸዳዳበት ሣጥን በየቀኑ ይጸዳ፤ ነፍሰ ጡሯ ሳትሆን ሌላ ሰው ያጽዳው፤ ሥጋው ይብሰል። ሰው ራሱ በጥሬ ሥጋና ባልታጠበ ቅጠላ ቅጠል እንደሚያዝም አይዘንጋ።

«በበረዶ አድርገን እንገድለዋለን» የሚል ይኖራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሠፈር ቀዝቅዞ፣ ቀልጦ፣ ዳግም የቀዘቀዘ ሥጋ ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ቅዝቃዜ ብዙውን ተሕዋስ ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በታኅሣሥ ወር 2017 ዓ.ም. ይፋ እንደሆነው፣ በፋብሪካ ታሽጎ የቀዘቀዘ ጥሬ የቱርክ ዶሮ ሥጋ የበላች ድመት በወፍ ጉንፋን ሞታለች። እዚያ እንዲህ ከሆነ እኛ ዘንድ ምን ሊሆን ነው? ውኃ የቋጠረ እብጠት ያለበትን ሳንባና ጉበት በተለይ ለውሻ ጥሬውን መወርወርም ፈጽሞ ይቅር። በውሻው ሆድ ትል ይሆናል፤ ከዚያም በእንቁላሉ አማካይነት ለሰው ይተርፋል።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። በእኛ አቅምና በእኛ ሠፈር የሚሻለው ጥሬውም አይደለም፣ ደረቁን ጨርሶ መተውም አይደለም፤ ግማሽ በግማሽ ማድረግ ነው። ለውሮ ጠዋት ከሥጋ ቤት የመጣ ልብ በትንሽ ውኃ እንቀቅላለን። ልብ ዋጋው ቀለል ያለ፣ ታውሪንም የበዛበት ነው። ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አንደፋም፤ አብረን እንሰጣታለን። ማታ ደግሞ ጥቂት ፍሬ ታገኛለች። አንዱ ከረጢት ከበፊቱ እጥፍ ጊዜ ይቆያል። ደረቁን ሙሉ በሙሉ መተው የሚፈልግ ካለ በገዛ እጁ ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር። በዚሁ በእኛው መንገድ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ እንደሚገኝም እናስታውሳለን።

መረቅ ስንል ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት ያልገባበት ማለታችን ነው። ቀይም ነጭም ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፤ ተቀቅሎም፣ ተቁላልቶም ያው ነው። እንግዲህ ወጥ የነካው እንጀራ ለድመት ቀለብ አይሆንም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቷን ይወጋል። የፋሲካ ዕለት ደስታችንን ከድመቷ ጋር ስንካፈል ይህን እናስብ።

ስለ ጾም ካነሣን አይቀር፣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ይባላል። አባባሉ ለወቀሳ የተነገረ ቢሆንም ለድመቷ እውነቷ ነው፤ ሥጋ በል ናት፣ መጾም አትችልም። በሁዳዴ ሽሮ ብቻ የሚቀርብላት ድመት ከሽንኩርቱም ከርሃቡም ትጎዳለች። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሲዘጋ የእስላም ሥጋ ቤት ክፍት ነው፤ የተቀቀለ እንቁላልም አለ። ድመቷን ማብላት የሰውን ጾም አይገድፍም።

«ድመት ከጠገበች አይጥ አትይዝም» የሚለውም ልማድ ሊቀር ይገባዋል። አደን ለድመት የርሃብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ ተፈጥሮዋ ነው። የተራበችና የታመመች ድመት ናት አይጥ የማትይዘው። ምስክር ከተፈለገ ዕቃ ቤታችን ክፍት ነው፤ ውሮ ከዳነች ወዲህ ድንኳን አልተበላብንም።

በመጨረሻም ለነዋሪው ሁለት ነገር እናሳስባለን። ሠፈር የሚለቅ ቤተሰብ ድመቱን ለጎረቤት ሲሰጥ ቢያንስ የሁለት ሳምንት የለመደችውን ምግብ አብሮ ይስጥ፤ ምን እንደምትበላና በስንት ሰዓት እንደምትበላም ይንገር። እንዲሁም ልብና የሥጋ ቁርጥራጭ ለብቻ መግዛት የሚከብዳችሁ ሁለት ሦስት ቤት ሆናችሁ ተካፈሉ። ሥጋ ቤቶቻችንም ይህን እንዲያመቻቹልን በዚህ አጋጣሚ እንጠይቃለን።

ድመቷ እምቢ ስትል ከመቆጣት በፊት እንጠይቅ፤ ምን ለምዳ ነበር? መቼ በላች? እኛ ይህን ሁለት ጥያቄ ሳንጠይቅ አራት ቀን አሳለፍን። እናንተ አንድም ቀን አታሳልፉ።

የማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ አዘጋጆች
አቃቂ ቃሊቲ